ሆድ የሚባለው ኮረብታ፦ አምስት ቀን በዶርሴት መንደር

ቀን 1፣ ረቡዕ

ጋሼ ከአዲስ አበባ ለንደን ከገቡ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ቢግ ቤንን አየን፣ በቴምዝ ዳር ዞርን፣ ድልድዮቹን ተሻገርን። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሻይ እየጠጡ «ልጄ፣ የዚህ አገር ገበሬ የት ነው ያለው?» አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስኖር እኔ ይህን ጠይቄ አላውቅም። በማግስቱ ፈቃድ ጠየቅሁ።

የመረጥኩት ዶርሴትን ነው፣ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ። ቻይልድ ኦክፎርድ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዋ አንድ ሺህ ገደማ ነው። ሃምብልደን የሚባለው ኮረብታ ከአናቷ ላይ ነው ያለው። ከእሱ ወዲያ ደግሞ ሆድ የሚባል ኮረብታ አለ። ሁለቱም ላይ ከሮማውያን በፊት የነበሩ ሰዎች የሠሩት ምሽግ አለ።

ባቡሩ የሚነሳው ከዋተርሉ ጣቢያ ነው። ጋሼ መሃል ላይ ቆመው ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና «ጃንሆይ የወረዱት እዚህ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለስደት ሲመጡ ከሳውዝሃምፕተን በባቡር ተጉዘው የወረዱት ዋተርሉ ነበር። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ትንሽ ቆዩ። እኔም ዝም አልኩ። (ከዚህ በታች ያሉትን ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ ጊሊንግሃም ደረስን። ትኬት ስትቆርጡ ተጠንቀቁ፤ በኬንት በኩልም በእንግሊዝኛ አጻጻፉ አንድ የሆነ ከተማ አለ። ያኛው «ጂሊንግሃም» ነው የሚባለው። ከጣቢያው መንደሯ ድረስ ታክሲ ያዝን። መንገዱ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ነው፤ ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ቁጥቋጦ ታጥሯል። ከፊት መኪና ሲመጣ አንደኛው ወደ ኋላ ይመለሳል። ማንም ጥሩምባ አይነፋም።

ጋሼን መጀመሪያ ያስገረማቸው የቤቶቹ ክዳን ነው። ሣር! ያውም ወፍራም፣ ጠርዙ በመቀስ የተከረከመ። «እኛ አገር ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ሣሩን አፍርሶ ቆርቆሮ ይመታል። እነዚህ ገንዘብ እያላቸው ሣሩን ያድሳሉ?» አሉ። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ክዳኑ የስንዴ አገዳ እንደሆነ ነገረችን። የጉልላቱ መስመር ብቻ በየአሥር፣ በየአሥራ አምስት ዓመቱ ይታደሳል። ጋሼ ወንበር ላይ ቆመው የክዳኑን ጠርዝ በመዳፋቸው ዳሰሱት።

የሰኔ ጾም ላይ ነን። ጋሼ እስከ ስድስት ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላልም የለም። ይህን ለሴትዮዋ እንዴት እንደማስረዳት ስጨነቅ ነበር። እሷ ግን «ታዲያ ቁርሱን ቋጥሬ እሰጣችኋለዋ!» አለች። በማግስቱ ባቄላ፣ ዳቦ፣ ቲማቲምና የተጠበሰ እንጉዳይ በዕቃ አድርጋ በራችን ላይ አስቀመጠችልን።

ቀን 2፣ ሐሙስ

ሃምብልደንን ከመንደሯ በኩል ወጣን። ከፍታው 192 ሜትር ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ምንም አላሉም፣ የይፋት ልጅ ናቸው። ግን አቀበቱ ቀላል አልነበረም። ሣሩ ያዳልጣል፣ ሣሩ በተላጠበት ደግሞ መሬቱ ነጭ ነው። ጋሼ ጎንበስ ብለው አንድ ፍርካሽ አነሱና በጣታቸው አሹት። ጣታቸው ነጭ ሆነ።

«ጠመኔ!» አሉ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ጠመኔ ነው። ስንት ዓመት በእጄ ስፍቀው የኖርኩት!»

አዎ፣ ተራራው በሙሉ ጠመኔ ነው። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ባሕር ሥር የተከማቸ የጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪት ነው። ውሃ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ አናቱ ላይ ምንጭ የለም፤ አፈሩም ስስ ነው። ታርሶ በማያውቀው ሣር ውስጥ ሐምራዊ ኦርኪድ አበቦች በየቦታው ብቅ ብለዋል። ጋሼ አንዱን እንዳይረግጡ እግራቸውን አንስተው ሲያሳልፉ አየኋቸው።

ከዚያ ምሽጉ ጋ ደረስን። ድንጋይ የለም፣ ግንብ የለም። ያለው የአፈር ካብና ጉድባ ነው። አንዱን ካብ ትወጣላችሁ፣ ጉድባ ውስጥ ትወርዳላችሁ፣ ሌላ ካብ ይጠብቃችኋል። በኮረብታው ጠርዝ ላይ እንደ መቀነት እየተጠመጠመ ይሄዳል። አንዳንዱ ጉድባ ውስጥ ስንገባ ሰማይና ሣር ብቻ ነው የሚታየው፤ ነፋሱም ይጠፋል። ጋሼ «አምባ ነው። ልዩነቱ፣ የእኛን ገደሉን እግዚአብሔር ሠራው፣ ይሄን በእጃቸው ነው የሠሩት» አሉ።

ከምሽጉ በፊትም እዚህ ሰው ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3600ዎቹ አካባቢ በኮረብታው ላይ ሰዎች ትልቅ ግቢ ቆፍረው ይሰበሰቡበት ነበር። ሮጀር መርሰር የተባለ አርኪዮሎጂስት ከ1974 እስከ 1986 አስቆፍሮታል። በጉድባዎቹ ወለል ላይ ሆን ተብሎ የተቀመጡ የሰው ራስ ቅሎች ተገኙ። አንድ ወጣት ደግሞ የባልጩት ቀስት ጫፍ ሰውነቱ ውስጥ እንዳለ ተገኘ። ከእሱ ጋር የሕፃን ልጅ አጥንት ነበር። መርሰር ሕፃኑን ታቅፎ ሳለ እንደተመታ ነው የተረዳው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ቁጭ አሉ። ብዙ ቆይተው «የማንን ልጅ ይሆን ያዳነ የመሰለው?» አሉ።

ምሽጉ ውስጥ መሃል ላይ ወደ 70 ሜትር የሚረዝም የአፈር ጉብታ አለ። የእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መቃብር ነው። ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላ የመጡት ምሽግ ሠሪዎች ዙሪያውን ከ300 በላይ ቤት ሠሩ። ጉብታውን ግን አልናዱትም። እኔ ይህን ነገር ወደድኩት። የማን እንደሆነ አያውቁም ነበር፤ ግን ተዉት።

ከኮረብታው ጎን ዩው የሚባል ዛፍ ጫካ አለ። ውስጡ በቀንም ይጨልማል። ግንዱ ቀይ ነው፣ የተጠማዘዘ። ይህ ዛፍ በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ግቢም አይጠፋም። ጋሼ «የእኛ ጥድ ማለት ነዋ» አሉ፤ በደብር ግቢ የሚያዩትን ጥድ አስበው።

በሌላኛው ጎን ወደ ሽሮተን ወረድን። የመንደሩ ስም አይወርን ኮርትኒም ይባላል፤ ሰው የሚጠራው ግን ሽሮተን ብሎ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክፍት ነበር። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ የሰም ሽታ አለው። እዚህ በ1645 የሆነ ነገር አለ። ንጉሡና ፓርላማው ሲዋጉ የሁለቱም ወገን ወታደር የገበሬውን ከብትና እህል ይዘርፍ ነበር። ገበሬው ሲመረው ዱላና ማጭድ ይዞ ወጣ፤ «ባለ ዱላዎች» ተባሉ። ምልክታቸው ነጭ ጥብጣብ ነበር። ባንዲራቸው ላይ የጻፉት ወደ እኛ ሲመለስ «ልትዘርፉን፣ ከብታችንን ልትነዱ ከመጣችሁ፣ ውጊያ እንደሚጠብቃችሁ እወቁ» የሚል ነው። በኦገስት 4 ቀን ሺህዎች ሆነው ሃምብልደን ላይ ወጡ፣ በዚያው አሮጌ ምሽግ ውስጥ። የፓርላማው ጦር አዛዥ ኦሊቨር ክሮምዌል ፈረሰኛ ልኮ በተናቸው። ሦስት መቶ ያህሉን ማርኮ ይህቺው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆልፎ አሳደራቸው። ለአለቃው በጻፈው ደብዳቤ ላይ ምስኪኖችና ሞኞች ናቸው፣ ወደ ቤታቸው ልስደዳቸው ብሎ ጠይቋል።

ጋሼ የወንበሮቹን ረድፍ ተራ በተራ አዩ። «ሦስት መቶ ሰው እዚህ ውስጥ እንዴት ተኝቶ ያድራል? ቆመው ነው ያደሩት» አሉ።

ቀን 3፣ ዓርብ

ዛሬ ሆድ ነው። ስሙን ጋሼ ሲሰሙ «ሆድ? እንደ እኛው ሆድ?» ብለው አስደገሙኝ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ «ወደ ሆድ»፣ «ከሆድ ላይ» እያሉ ሲጠሩት ዋሉ።

በሃምብልደን ትከሻ አልፈን፣ ወደ ሸለቆው ወርደን፣ እንደገና ወጣን። ሆድ 143 ሜትር ነው፣ ከሃምብልደን ዝቅ ይላል። ምሽጉ ግን በዶርሴት ትልቁ ነው፣ 22 ሄክታር። በምዕራብ በኩል ስታወር ወንዝ ከሥሩ ይፈሳል። የሃምብልደን ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 አካባቢ ቤታቸውን ለቀው ወደዚህ ሳይመጡ አልቀረም ይባላል። በጎሳ ስማቸው ዱሮትሪጅስ ነበሩ።

በሰሜን ምዕራብ ጥግ ሌላ ምሽግ አለ፤ ምሽግ ውስጥ ያለ ምሽግ። ሮማውያን በ43 ዓ.ም. ብሪታንያን ሲወርሩ ይህን አካባቢ የያዘው ሁለተኛው አውጉስታ ክፍለ ጦር ነው። አዛዡ ቬስፓሲያን በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆኗል። ሮማውያኑ ሆድን ከያዙ በኋላ ነዋሪውን አስወጡ። ሁለት ጎን አዲስ ካብ ሠሩ፣ ለቀሩት ሁለት ጎኖች የነባሮቹን ተጠቀሙ። ስድስት መቶ ያህል እግረኛና ሁለት መቶ ሃምሳ ፈረሰኛ ተቀመጠበት። አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ ትተውት ሄዱ።

አርኪዮሎጂስቱ ኢያን ሪችመንድ በ1950ዎቹ ሲቆፍር በአንድ ግቢ ቤቶች ዙሪያ 11 የብረት ቀስቶች አገኘ። በእጅ የሚወረወሩ አይደሉም፤ በመሣሪያ የሚተኮሱ ናቸው። ሮማውያኑ የአለቃውን ቤት ለይተው ደበደቡት ብሎ ጻፈ።

እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህን አይደለም። የደቡብ ምሥራቁን ጥግ ነው።

የኮረብታው አብዛኛው አናት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ታርሷል። በማረሻው የወጣውን ብረታ ብረት የብላንድፎርድ ነጋዴ ሄንሪ ደርደን ሲሰበስብ ኖሮ፣ በ1892 ስብስቡን ብሪቲሽ ሙዚየም ገዛው። ደቡብ ምሥራቁ ጥግ ግን አልታረሰም። ፀሐይ ዘንበል ስትል ሄዳችሁ እዩ። በሣሩ ውስጥ ክብ ክብ ነገር ይታያል። በዚህ ክብ፣ እዚያ ክብ፣ ሌላው ደግሞ አጠገቡ። ጠርዙ ትንሽ ከፍ ብሎ መሃሉ ጎድጎድ ይላል። የቤት ወለል ናቸው። ግድግዳው በስብሷል፣ ክዳኑ የለም፣ ማገሩ የለም። ግን ሰው የተቀመጠበት ቦታ አለ። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ!

ጋሼ አንዱ ውስጥ ገቡ። ከጫፍ ጫፍ በእርምጃ ለኩት፤ ዘጠኝ። ከዚያ ዞረው ዞረው ጠርዙ የተቋረጠበትን ቦታ በእግራቸው አገኙት።

«በሩ ይሄ ነው» አሉ። «ምሰሶው እዚህ። ምድጃው እዚህ። እናቴ ቢሆኑ መደቡን እዚያ ጋ ነበር የሚያደርጉት።» የሴት አያቴን ጎጆ እያስታወሱ ነው። እኔ ያንን ቤት በፎቶ ነው የማውቀው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስፋቱን ያየሁት ዶርሴት ሣር ላይ ቆሜ ነው።

በስልኬ ኮምፓስ በሩን ለካነው። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያያል። የሚቀጥለውም እንደዚያው። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ክብ ቤቶች አብዛኞቹ በራቸው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ ምሥራቅ እንደሆነ ከመምጣቴ በፊት አንብቤ ነበር። ጋሼ ምክንያቱን ማሰብ ጀመሩ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ቤቱ ውስጥ ተቀመጥን። በጠርሙስ ያመጣሁትን የገብስ ቆሎ አወጣሁ። እነዚህ ሰዎችም ገብስና ስንዴ ነበር የሚያርሱት። በእንዲህ ያሉ ምሽጎች ውስጥ እህሉን ጠመኔው ላይ በቆፈሩት ጉድጓድ ያከማቹ ነበር፤ አፉን በጭቃ ይመርጉታል። ጠርዝ ላይ ያለው እህል ጥቂት ይበቅልና በውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል። የቀረው ሳይነቅዝ ይከርማል። ይህን ገና ሳልጨርስ ጋሼ ቀደሙኝ። «እንዴ፣ የጉድጓድ እህል! አባቴ ማሽላውን እንደዚያ አይደል የሚቀብሩት? ሲከፈት ወዲያው አይገባም፤ አየሩ ሰው ይገላል።» ከዚያ ኮረብታውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «ታዲያ ሆድ ቢሉት ምን ይገርማል! እህሉን በሆዱ ይዟላ።»

ሌላም ነገር ነገርኳቸው። በ2025 መጀመሪያ ላይ የወጣ ጥናት አለ። ከዚህ ብዙ በማይርቅ ዊንተርቦርን ኪንግስተን በሚባል ቦታ የተቀበሩ ከ50 በላይ የዱሮትሪጅስ ሰዎች ዘረ መል ተመረመረ። አብዛኞቹ በእናታቸው በኩል ወደ አንዲት ሴት የዘር ሐረግ ነው የሚሄዱት። ወንዶቹ ግን ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ማለትም፣ ሲጋቡ ቤቷን የምትለቅ ሴቷ አይደለችም። ወንዱ ነው ወደ እሷ መንደር የሚመጣው።

ጋሼ የያዙትን ቆሎ ሳይቅሙት ቆዩ። «ሴቷ ናት የምትቀረው? መሬቱም የእሷ ነው?» አሉ። ስለ መሬቱ ማረጋገጥ ከባድ እንደሆነ፣ ግን ሴቶቹ ዘመዶቻቸው መሃል እንደኖሩ ነገርኳቸው። እናታቸው በአሥራ አራት ዓመታቸው ከቤታቸው የሁለት ቀን መንገድ ተድረው እንደሄዱ ከዚህ በፊት አጫውተውኛል። አሁን አላነሱትም። በሩን ብቻ ያዩ ነበር።

እና እኔ የማስበው ይህን ነው። ስለነዚህ ምሽጎች የሚጻፈው ሁሉ ጦርነት ነው፦ ቀስት፣ ካብ፣ ቬስፓሲያን። ውጊያው ሆኗል፣ አልክድም። ግን ያ የጥቂት ቀን ነገር ነው። ምጣዱ፣ ልጁ፣ ጎታው፣ ጭሱ የመቶ ዓመታት ነው። ሣሩ የያዘው ደግሞ ይሄኛውን ነው።

ቀን 4፣ ቅዳሜ

ወደ ዶርቼስተር። እስከ ብላንድፎርድ በታክሲ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ብላንድፎርድ በ1731 ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል በእሳት ወድማ፣ ባስታርድ የሚባሉ ወንድማማቾች እንደ አዲስ የሠሯት ከተማ ናት። በጡብ ቤቶቿ መሃል አሥር ደቂቃ ብቻ ነበረን።

ሜይደን ካስል የሚባለው ምሽግ ከዶርቼስተር ወጣ እንዳልን ነው። ስፋቱ 19 ሄክታር ገደማ፣ ከሆድ ያንሳል፤ ካቦቹ ግን ተራራ ያህላሉ። በጎች ቁልቁለቱ ላይ ተኝተዋል። አርኪዮሎጂስቶቹ ሞርቲመር ዊለርና ባለቤቱ ቴሳ ከ1934 እስከ 1937 ቆፍረውታል። ቴሳ ሥራው ሳያልቅ በ1936 አረፈች። በምሥራቁ በር የተቀበሩ ሰዎች አገኙ፤ አንዱ አከርካሪው ላይ ብረት ተሰክቶበታል። ዊለር ሮማውያን በአንድ ቀን የፈጁት ሕዝብ ነው አለ፤ ታሪኩም በዓለም ተሰራጨ። በ2025 የቦርንማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንቶቹን እንደገና መርምረው ሌላ ነገር አሉ። ሰዎቹ የሞቱት በአንድ ቀን አይደለም፣ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ነው፤ እርስ በርስ ግጭት ሊሆን ይችላል።

አጽሙን በዶርሴት ሙዚየም አየነው። እኔ ቶሎ አለፍኩ። ጋሼን ያቆማቸው የወንጭፍ ድንጋይ ነው። ዊለር ከ20,000 በላይ ድንጋይ በአንድ ቦታ ተከምሮ አግኝቷል። ከቼሲል ባሕር ዳርቻ ተለቅመው የመጡ ድቡልቡል ጠጠሮች ናቸው። ጋሼ ልጅ ሳሉ ማማ ላይ ተቀምጠው ማሽላ ሲጠብቁ ወንጭፍ ይወነጭፉ ነበር። መስተዋቱ ላይ ተጠግተው «መጠኑ ልክ ነው። ሰው መርጦታል፣ አንድ በአንድ መርጦታል» አሉ። እጃቸው ሳያውቁት ጠጠር እንደያዘ ሰው ታጥፎ ነበር።

ስንመለስ የጠበቅነው አውቶቡስ ሳይመጣ ቀረ። አንድ ሰዓት ቆምን። ከገበያ የሚመለሱ ባልና ሚስት ገበሬዎች አይተውን መኪናቸውን አቆሙ። የኋላው ወንበር ላይ የመኖ ጆንያ ነበር፤ ገፋ አድርገው አስቀመጡን። ጋሼ ባልየውን ስንት ላም እንዳለው፣ ስንት እንደምትታለብ፣ ወተቱ ስንት እንደሚሸጥ ጠየቁት። እኔ እያስተረጎምኩ መንገዱ አለቀ። ሰውየው ዋጋው ወጪውን እንደማይሸፍን፣ ልጁም ከተማ እንደገባ ነገራቸው። ጋሼ «የእኔም ተማሪዎች እንደዚያው» አሉት። ስንወርድ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ቶሎ አልተላቀቁም። ጋሼ ያንን ጥያቄያቸውን ከዚያ ወዲህ አልደገሙትም።

ቀን 5፣ እሁድ

ጋሼ በሌሊት አንኳኩ። «ተነሺ፣ ፀሐዩን እንየው።»

ሃምብልደን አናት ላይ ስንደርስ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ሣሩ በጤዛ ርሷል፤ ጫማችን ላይ ጠመኔው እንደ ሊጥ ተለጥፏል። ከታች ሸለቆው በጉም ተሞልቷል። የቻይልድ ኦክፎርድ የቤተ ክርስቲያን ግንብ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። አንዲት ወፍ በላያችን ከፍ ብላ ሳታቋርጥ ትዘምራለች።

የቤት ወለል አለበት በሚባለው ቁልቁለት ላይ አንዱ ወለል ላይ ቆምን። ፀሐይ ወጣች። የወጣችው ግን በጣም ወደ ግራ፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። ትናንት ወዲያ በሆድ ላይ በለካነው በር አቅጣጫ አይደለም።

ጋሼ ወደ ፀሐይዋ አዩ። ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሩ። እጃቸውን ዘርግተው ጉም ውስጥ ያለ አንድ ቦታ አሳዩኝ፤ ክፍል ውስጥ ካርታ ላይ እንደሚያሳዩት።

«በታኅሣሥ የምትወጣው እዚያ ጋ ነው» አሉ። «ቀኑ ሲያጥር፣ ብርዱ ሲጠና። በሩን ለዛሬው ፀሐይ አልሠሩትም፣ ዛሬማ ሁሉም ጋ ሙቀት አለ። ለክፉው ወር ነው የሠሩት። ጠዋት በሩን ስትከፍተው ቀጥታ ምድጃው ላይ እንዲያርፍ።»

«ሴትየዋ?» አልኳቸው።

«አዎ» አሉ፣ እጃቸውን ሳያወርዱ። «ሴትየዋ።»